ያልተቀደደ ወረቀት

የሺሁ ሕዝብ ጠባቂ አምላኩን፣ የግንቡን ጌታ ምስል፣ በወሳንሳ ተሸክሞ ከተማውን ካዞረ በኋላ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ መቅደሱ ሲመልሰው፣ በሩ ላይ ተጠላልፈው የተለጠፉት ሁለት ቢጫ ወረቀቶች ጠዋት እንደተለጠፉ ነበሩ። የዓመቱ የጥና አለቃ፣ ከጌታው ፊት ዕጣን እያጠነ የሚሄደው ዱዋን ኪሻንግ፣ በሕዝብ ፊት ወረቀቶቹን ቀደደና በሩን ወደ ውስጥ ገፋው። በሩ ስንዝር ያህል ሄዶ ቆመ። ሦስት ሰዎች ተጋግዘው ሲገፉት ከበስተኋላው የተጋደመ ሰው ወለሉ ላይ ተንሸራተተ። የመቅደሱ ጠባቂ ሽማግሌው ሌይ ዞንግፑ ነበር፤ ሞቷል።

ኢንስፔክተር ሮንግ ሱዪን ከወረዳው ከተማ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አደባባዩ ላይ መርፌ ቢጥሉ መሬት አይነካም። ጌታው ጥቁር ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሮ ወሳንሳው ላይ ተቀምጧል። እሱ ገብቶ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ የተከተለው ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም፣ እህልም አይቀምስም፤ ደንብ ነው። ውጭ እያለ ፀሐይ ከጠለቀችበት ደግሞ የዓመቱ ዓሣም ጤናም ተበላሸ ማለት ነው። አራስ ልጅ ያቀፉት እንኳ አልተንቀሳቀሱም፤ ሁሉም አንዴ በሩን አንዴ ፀሐይዋን ያያል። ሮንግ ይህን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ እናቷ የሺሁ ልጅ ነበረች። በክርኗ እየገፋች ስታልፍ ከኋላዋ መንገዱ ተመልሶ ሲዘጋ ይሰማታል።

የከተማው ፖሊስ ሳጅን ፔንግ ደረጃው ላይ ጠበቃት። ቢጫ የተሸካሚ ሰደርያ ለብሷል፤ ቀኝ ትከሻው አብጧል።

"ሳጅን፣ ዩኒፎርምህ የታለ?"

"ዛሬ የጌታው በሬ ነኝ፣ ኢንስፔክተር። ከፊት በቀኝ በኩል እኔ ነኝ የምሸከመው። አባቴም እዚያው ቦታ ነበር።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ገዳዩን ግን ይዘነዋል።"

"ማን ነው ገዳይ ያለው?"

"ሕዝቡ።"

"ሕዝቡ ፖሊስ፣ አንተ በሬ ከሆናችሁማ እኔን ምን አመጣኝ?"

የተያዘው ሰው ደረጃው ሥር ተንበርክኳል። ፓን ይባላል። በስርቆት አሥራ አንድ ዓመት ታስሮ ከተፈታ ሁለት ዓመቱ ነው። እናቱ የአልጋ ቁራኛ ሆነችበትና ተሳለ፤ እሷ እንድትድን ሦስት ዓመት በጌታው ቀን እንደ ወንጀለኛ ሳንቃ ተሸክሞ ሊሄድ። ሳንቃው አንገቱንና ሁለት እጆቹን ቀርቅሮ ይይዛል። መጋጠሚያው ላይ የሽማግሌው የሌይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ጌታው "ተፈትተሃል" እስኪለው ድረስ ቃል አይተነፍስም፤ ከተነፈሰ ስለቱ ፈረሰ፣ እናቱም አበቃላት።

ጌታው የሚፈታው በጨረቃዎቹ ነው። ጨረቃዎቹ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተጠረቡ ሁለት እንጨቶች ናቸው፤ አንዱ ጎናቸው፣ ሆዱ፣ ጠፍጣፋ፤ ሌላው ጎናቸው፣ ጀርባው፣ ጎባጣ ነው። ሲጣሉ አንዱ በሆዱ አንዱ በጀርባው ከወደቀ ጌታው እሺ ብሏል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ እሺ ካለ ሰውየው ነፃ ነው።

"ታዲያ ለምን አልጣላችሁለትም?" አለች ሮንግ።

"ጨረቃዎቹ ጠፍተዋላ! ከመሠዊያው ላይ የሉም። እሱ ነው የሰረቃቸው ይላሉ።"

"እጁ ሳንቃ ውስጥ ሆኖ?"

ፔንግ ትከሻውን አሸ። "ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከሰልፉ ወጥቶ በመቅደሱ ወጥ ቤት ጓሮ አይተውታል፣ ኢንስፔክተር። እዩት፣ ሳንቃው ጫፉ ተፈልጧል፤ ቀይ ቀለምም ነክቶታል። አፉም ደም ነው። ተደባድበዋል።"

ሮንግ የታመመ ጉልበቷን እያስታመመች ቁጢጥ አለችና የፓንን አፍ በባትሪ አየችው። ደም አልነበረም። ጥርሶቹ መሃል የገባ ቀይ የእንጨት ቅብ ነበር። ሰውየው ዓይኖቿን እያየ ያለቅሳል፤ ከንፈሩን ግን ነክሶ ይዟል።

"ወረቀቱን እኔ ልቅደድልህ? ሕግ ይፈቅድልኛል።"

ፓን ወደ ኋላ ተንፈራገጠ፤ ሳንቃው ከደረጃው ጋር ተጋጭቶ ጮኸ። ሮንግም እጇን ዘርግታ ወረቀቱ አጠገብ ስትደርስ ጣቶቿ አልታዘዙላትም። ኻያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት የኖረች ሴት ሁለት ጣት የምታህል ወረቀት ፈራች። በራሷ ተናዳ ተነሳች።

አዳራሹ ውስጥ ጭሱ ገና አልወጣም። ጌታው ሲወጣ ቤቱ ባዶ እንዳይመስል ሠላሳ ጥምዝ ዕጣን ከጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ይለኮሳል፤ መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል። የወረዳው ሐኪም መሐረብ አፉ ላይ ይዞ ከሬሳው ተነሳ።

"ቁስል የለውም። አስም ነበረበት አሉኝ። ለእንደሱ ያለ ሰው ይህ ቤት መቃብር ነው፤ ታፍኖ ነው የሞተው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት ሳይሆን አይቀርም።"

"እጁስ?"

"የጣቶቹ አንጓ ተልጧል። በር ሲመታ ነው።"

ሮንግ በሩን ከውስጥ አየችው። የናሱ ቀለበት ላይ ጥቀርሻ የነካ እጅ ታትሟል፤ አራት ጣትና አንድ አውራ ጣት፣ ጥርት ብሎ። ቀለበቱን በሁለት ጣቷ ሳብ ስታደርገው በሩ ያለ ድምፅ መጣላት።

"ሳጅን፣ ጠዋት ከውጭ ቁልፍ ነበረው?"

"ምን ቁልፍ ያስፈልገዋል? ወረቀቱ ብቻ ነው።"

"ሽማግሌው እኮ ቀለበቱን ይዞታል። ቢስበው ኖሮ ወረቀቱ ይቀደድና ይወጣ ነበር።"

ፔንግ እንደ ሕፃን አያት። "ጌታው ሳይመለስ ወረቀቱ ከተቀደደ እኮ የባዘነ ሙት ሁሉ ገብቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ያንን ወረቀት የለጠፈው ራሱ ጋሼ ሌይ ነው። እሱ አንገቱን ይሰጣል እንጂ አይቀድደውም።"

አንገቱንም ሰጥቷል፣ አለች በሆዷ። የሬሳውን ሸሚዝ ስትፈትሽ ሁለት እንጨቶች ወለሉ ላይ ወደቁ፤ አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው። የጠፉት ጨረቃዎች ነበሩ። ፔንግ ወደ ሐኪሙ ዞሮ ስለነበር አላየም፤ እሷም አንስታ ኪሷ ከተተቻቸው።

አዳራሹ በጓዳ በኩል ከወጥ ቤቱ ጋር ይገናኛል። የወጥ ቤቱ መስኮት ለድመት አይበቃም፤ በሩ ግን ወደ ጓሮ ያወጣል። ከውጭ በኩል ሁለቱ የበር ቀለበቶች ላይ ትኩስ ቀይ ቅብ ተፍቆ ቀርቷል። ሮንግ አረሙን በእግሯ ስታገላብጥ በሰልፉ ፊት "ገለል በሉ" የሚል ሰሌዳ የሚያዝበት ዓይነት አንድ ቀይ ዘንግ አገኘች። አንድ ሰው እንደ መወርወሪያ ቀለበቶቹ ውስጥ ሰክቶት ነበር፤ ሌላ ሰው ደግሞ አውጥቶ ጥሎታል። ጫፉ ላይ የጥርስ ምልክት ነበር።

"ሳጅን፣ እጅ ያለው ሰው በጥርሱ ዘንግ ይነቅላል?"

"ካላበደ በቀር…" አለ ፔንግ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አደባባዩ ተመለከተ። "ታዲያ ፓን ሊከፍትለት ነበር ማለት ነው?"

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። የሰካውን ነው የምንፈልገው።"

የጥናው አለቃ ዱዋን ዓሣ የሚያደርቅና የሚሸጥ፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ነው። ሰማያዊ ካባውን እንደለበሰ፣ ትንሿን የእጅ ጥና እንደያዘ መጣ። ጥናው ይጨሳል።

"ሦስት ዓመት በተከታታይ የጥና አለቃ የሆነ ሰው በሺሁ ታይቶ አይታወቅም አሉኝ፣ ጋሼ።"

"እኔ ምን አደረግኩ፣ እህቴ? በየዓመቱ ለሹመቱ ጨረቃዎቹን ሦስት ጊዜ እጥላለሁ፣ ሦስት ጊዜ እሺ ይላል። ዘጠኝ ጊዜ ጥዬ አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ አላለኝም። ሰው ጌታው ይወደዋል ይላል።"

"ዛሬ ከሰልፉ ወጥተው ነበር?"

"ከወሳንሳው ፊት አንድ እርምጃ አልራቅኩም። ሦስት ሺህ ምስክር አለኝ።" ወደ ፀሐይዋ አየ። "ፓንን ወስዳችሁ ጌታችን ይግባልን። ሌባ ምን ጊዜም ሌባ ነው።"

እሱ ሲወጣ ሮንግ የወጥ ቤቱን በር ዘጋችና ጨረቃዎቹን ጠረጴዛው ላይ ጣለች፤ እሺ። ደግማ ጣለች፤ እሺ። አሥራ ሁለት ጊዜ ጥላ አሥራ ሁለት ጊዜ እሺ አለላት። እናቷ ለእሷ የትምህርት ቤት ፈተና ስትጥል ሦስቴ በተከታታይ እሺ ካለ ጎረቤት ይጠራ ነበር። እንጨቶቹን ወደ መስኮቱ አቀረበች፤ የአንደኛው ሆድ ላይ፣ የሌላኛው ጀርባ ላይ ምስር የምታህል ቀዳዳ በእርሳስና በሰም ተደፍና በቀይ ቀለም ተሸፍናለች። ሽማግሌው ደርሶበት ነበር።

የሌይ ሚስት እማማ ዪንሁዋ በትልቁ በር ፊት ባለችው ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ትልቁ የናስ ደወል አጠገቧ ተሰቅሏል። ጌታው በሌለበት ከውስጥ ድምፅ ከተሰማ ናሱን መምታት የጠባቂው ሚስት ሥራ ነው። መዳፏ ተልጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

"እማማ፣ ባለቤትዎ የት ያሉ መስሎዎት ነበር?"

"ሰልፉ ውስጥ ነዋ፣ ልጄ። በየዓመቱ ማኅተሙን ይዞ ከኋላ ይሄዳል። ሙታኑ ከዚያ አፍሰው አስገቡት መሰለኝ።"

"ከውስጥ ሲንኳኳ ሰምተዋል?"

"ሰማሁ።" ዓይኗን ከናሱ ላይ አላነሳችም። "እነሱ እንደዚህ ናቸው። የምትወጂውን ሰው ድምፅ ይዘው ይመጣሉ። የሽማግሌዬን ድምፅ ይዘው መጡ። እሱ ብቻ የሚጠራኝን ስም እንኳ ያውቃሉ። ደህና ጊዜ ነው ጋሼ ዱዋን ያስጠነቀቀኝ።"

ሮንግ ድምፅዋ እንዳይለወጥ ተጠነቀቀች። "ምን ብሎ?"

"'ዛሬ በቤተሰብ ድምፅ ይጣራሉ፤ ማንም ቢሆን አትመልሺ፣ ምቺ' አለኝ። ጥናውን ይዞ እየሮጠ ነበር። የዓሣ ገበያው ርችት ሲተኮስ ነው። እኔም መታሁ። ድምፁ እስኪጠፋ መታሁ።"

"ድምፁ ምን አለዎት?"

"እነሱ ያሉት አይደገምም፣ ልጄ። ደንብ ነው።" የመዳፏን ጨርቅ እያጠበቀች ጨመረች። "ያ ምስኪን ፓን ደግሞ ከዚያ በኋላ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ያለቅሳል፣ በአገጩ ወደ ጓሮው ያመለክታል። የጠማው መስሎኝ ውሃ ይዤለት ነበር፤ አልጠጣም።"

አሮጊቷ ታውቃለች፤ ማወቋን ግን ከራሷ ደብቃለች፣ ደብቃም ብቻ ነው መቀመጥ የቻለችው። ፓን ካልተናገረ ወደ እስር ቤት ይመለሳል፣ እናቱም ብቻዋን ትሞታለች። ከተናገረ ደግሞ ይህች ሴት ናሱን በማን ላይ ስትመታ እንደዋለች በሦስት ሺህ ሰው ፊት ትሰማለች። ኢንስፔክተሯ መውጫውን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው።

ፔንግን በክንዱ ያዘችው። "የዓሣ ገበያው ርችት ሲተኮስ ዱዋን ከወሳንሳው ፊት ነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ተሸካሚ መሬት መሬት ነው የሚያየው።"

"ሌላ ነገር አስብ።"

ፔንግ አሰበ። እብጠቱን አሸ፣ አፍንጫውን አሸ፣ ከዚያ እጁ ዓይኑ ላይ ቆመ። "ኧረ ኢንስፔክተር! የጥናው ጭስ ሁልጊዜ ፊቴ ላይ ነው የሚመጣው። በዓመት አንድ ቀን እንደ መበለት አለቅሳለሁ፣ ሚስቴም ትስቅብኛለች። ዛሬ ግን ከድልድዩ እስከ ዓሣ ገበያው ማዶ ዓይኔ ደረቅ ነበር። ጌታው አዘነልኝ ብዬ አመስግኜ ነበር እኮ!"

"ይህንን ትፈርምልኛለህ?"

"በሬም ብሆን እፈርማለሁ።"

አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ፀሐይዋ ወደ መርከቦቹ ምሰሶ ወርዳለች። አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ ፓን ላይ ወረወረ፤ ሳንቃውን መታው። "አውጡት! ቤቱን ያረከሰውን አውጡት!" ጩኸቱ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፤ ሕዝቡ ወደ ደረጃው መጠጋት ጀመረ። የሚሸሽበት ቦታ ለፓንም ለፖሊሶቹም አልነበረም።

ሮንግ ደፉን ሳትረግጥ ተሻግራ ቆመች፤ እናቷ ያስተማረቻት ነው። ሁለቱን እንጨቶች ከራሷ በላይ ያዘች።

"ጨረቃዎቹ ተገኝተዋል!"

ሕዝቡ ባለበት ቆመ።

"በስለት የታሰረ ሰው አለ። በደንባችሁ ጨረቃ የሚጥልለት ማን ነው?"

"የጥናው አለቃ!" አሉ ከየአቅጣጫው።

ዱዋን ፊቱ ነጣ። "ሬሳ ባለበት አይጣልም፣ እህቴ። ደግሞ ሌባ ነው…"

"ሌባ ከሆነ ጌታው እምቢ ይለዋላ! ምን ያስፈራዎታል? ዘጠኝ ጊዜ እሺ ያለዎት ጌታ ነው።" እንጨቶቹን መዳፉ ላይ አስቀመጠች። "ይጣሉ፣ ጋሼ።"

ሦስት ሺህ ሰው ያየዋል። እምቢ ቢል ለምን እንደሆነ ይጠየቃል፤ ቢጥል የሚሆነውን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ወደ ላይ፣ ከልማዱ አልፎ ወረወራቸው፤ እንጨቶቹ ድንጋዩ ላይ ነጥረው ተረጋጉ።

"እሺ!" አለ ሕዝቡ።

ሁለተኛውን በጣቱ ጠምዝዞ ጣለ። "እሺ!" ሦስተኛውን መሬት አስጠግቶ ለቀቀው። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ተኛ። በዚህኛው ሕዝቡ አልጮኸም።

በደንቡ ማኅተሙን የሚቀድደው ጠባቂው ነው። ጠባቂው ስለሌለ እማማ ዪንሁዋ ወረደችና በተጠቀለለ እጇ የባሏን ማኅተም ከሳንቃው ላይ ቀደደች። ፓን አፉን ከፈተ።

"እግሬን ብርጭቆ ወግቶኝ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር" አለ። "በጓሮ ሳቋርጥ ጋሼ ዱዋን ከወጥ ቤቱ በር ሲሮጥ አየሁት። ዘንጉን ሰክቶት ነው የሄደ። ከውስጥ ጋሼ ሌይ 'ማነህ፣ ክፈትልኝ፣ አየር አጠረኝ' ይላል። እጄ እዚህ ውስጥ ነው። ብናገር እናቴ ትሞታለች። በጥርሴ ያዝኩት፣ በሳንቃው ገፋሁት፣ እምቢ አለኝ። እሱ ተስፋ ቆርጦ ወደ ትልቁ በር ሄደ። ከዚያ ሲጣራ እሰማዋለሁ።" አሮጊቷን አየና አቆመ።

"ተናገር" አለች እማማ ዪንሁዋ።

"እማማ…"

"ምን አለ? እኔም ሰምቼዋለሁ። አንተም ሰምተኸው እንደሆነ ንገረኝ።"

"'የኔ ቁጡ፣ በወጥ ቤቱ በኩል ዙሪና በሩን ክፈችልኝ' ነው ያለው። ሦስት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ናሱ ብቻ ነው የተሰማኝ። ዘንጉ ሲወልቅልኝ ቤቱ ዝም ብሎ ነበር።" ሳንቃው ጉልበቱ ላይ ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። "መናገር ነበረብኝ፣ እማማ። አንድ ቃል ነበር።"

ፔንግ ዱዋንን ከኋላ ያዘው። ዱዋን አልታገለም። ሮንግ አንዱን እንጨት በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቃ እርሳሱን መዳፏ ላይ አንከባለለችው፤ ከፊት የቆሙት አይተው ለኋለኞቹ አወሩ።

"ጠዋት ደረሰበት" አለ ዱዋን፤ ለስላሳው ድምፁ ተሰብሯል። "ጌታው ሲመለስ በሕዝብ ፊት እሰብራቸዋለሁ አለኝ። ከሰልፉ ተለይቶ እንጨቶቹን ሊደብቅ በወጥ ቤቱ ሲገባ ተከትዬ ዘንጉን ሰካሁበት። እስክንመለስ ላቆየው ነበር፣ እግሩ ላይ ወድቄ ልለምነው። መግደል አላሰብኩም።"

"ጭሱን ያውቁ ነበር። አስሙንም ያውቁ ነበር።"

"ትልቁ በር ወረቀት ብቻ ነው! ከባሰበት ቀድዶ ይወጣል ብዬ…"

"ይዋሻሉ" አለች ሮንግ። "ቀድዶ ይወጣል ብለው ቢያስቡ ኖሮ ሚስቱን ናስ ምቺ አይሏትም ነበር። እርስዎ ጌታውን አያምኑትም። እሱ እንደሚያምን ግን ያውቁ ነበር፤ ቁልፍዎ እሱ ነው።"

ዱዋን አንገቱን ደፋ። "አይቀድደውም" አለ። "እሱ አይቀድደውም ነበር።"

ሬሳውን በወጥ ቤቱ በኩል አወጡት፤ የበሩንም ደፍ በጨው ውሃ አጠቡ። ፀሐይዋ ጠርዟ ባሕሩን ሲነካ ፔንግ ዩኒፎርሙን ሳይሆን ወሳንሳውን መረጠ፤ ሮንግም አልከለከለችውም። ነጋሪት ተመታ፣ ርችት ተተኮሰ፣ የግንቡ ጌታ ገባ። ቀኑን ሙሉ ተጨንቆ የዋለ ሕዝብ በአንድ ትንፋሽ ተነፈሰ፣ ሰው መሳቅ፣ መጯጯህ፣ ሩዝ የት አለ ማለት ጀመረ። ሮንግ እንጨቶቹን በከረጢት ከትታ አፉን በወረቀት አሸገችና ስሟን ጻፈችበት። ከዚያ አሮጊቷን ፈለገች፤ ዱካዋ ባዶ ነበር።

ያገኘቻት በጓሮ በኩል ነው። እማማ ዪንሁዋ ግድግዳውን በእጇ እየተደገፈች ትሄዳለች። ሮንግ ልትጠራት፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ልትላት አስባ ነበር፤ ተወችውና ከኋላ ተከተለቻት። አሮጊቷ ዞራ ወጥ ቤቱ ደረሰች። የተዘጋውን በር ሁለቱንም ክንፍ እስከ ግድግዳው ድረስ ከፈተችው። ከዚያ ሰው እንደምታሳልፍ ሁሉ ወደ ጎን ገለል ብላ ቆመች።